አባ ሞገድ ይሻው ጉማራን በአልጋ የተሻገሩበት ዜና

በዘመነ ማቴዎስ ወንጌላዊ፥ የመንደሩ መብራት ትራንስፎርመር በተቃጠለ በሁለተኛው ክረምት፥ ጳጉሜን በባተ ጊዜ፥ ጉማራ ወንዝ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ በወንዛዬ በኩል ዘመድን ከዘመድ በለየበት ወራት፥ ሞዓ ማዕበል፥ መስፍነ ባሕር፥ አባ ሞገድ የተባሉት ሌተናንት ይሻው ለዘመቻ ተነሡ።

እኒህ ሰው በደብረ ታቦር ደጋ ተወልደው፥ ዋና ሳይችሉ ለባሕር ኃይል ተመርጠው፥ ምጽዋ ወርደው፥ ነጭ ልብስ ለብሰው፥ ማዕረግም ተቀብለው ነበር፤ ነገር ግን የተመደቡባት መርከብ ሁልጊዜ ጥገና ላይ ስለነበረች የቀለም መጋዘን ሲጠብቁ ኖሩ፤ አገሩም ባሕር አልባ በሆነ ጊዜ አንዲት ጀልባ እንኳ ሳያዝዙ ወደ አገራቸው ተመልሰው በጉማራ ዳር ተቀመጡ። ይህንንም ከባለቤታቸው ከወይዘሮ የሺ በቀር ለማንም አልተናገሩም። በሐሙሲት ገበያ ሰው ሁሉ አድሚራል እያለ፥ ባሕሩ እንዴት ከረመ እያለ ሲቀልድባቸው ኮፍያቸውን አስተካክለው ያልፉ ነበር።

ወኮነ በውእቱ መዋዕል፥ በዚያም ወራት፥ ለዘመን መለወጫ የተቀለበው በግ ከወንዙ ማዶ፥ ከወይዘሮ የሺ እኅት ከዝናሽ ግቢ፥ በሙላቱ ታግቶ ቀረ። ሌተናንቱም ከወንዙ ዳር ቆመው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ከዛሬ ጀምሮ ጉማራ ባሕር ነው። ባዶ ጀሪካን በቤቱ ያስቀመጠ ለመርከብ ሥራ ያምጣ። መሳቅ የፈለገ ከዳር ራቅ ብሎ ይሳቅ።»

የተከተሏቸውም እነዚህ ናቸው፦ ባለሱቁ አብዱልቃድር፥ የቢጫ ጀሪካን አዛዥ፤ ሚስቱ ሩቅያ፥ ገመዷን ሳይቆረጥ እንዲመለስላት አስምላ የሰጠች፤ ዋናተኛው መልካሙ፥ ገመዱን ማዶ አሻግሮ ከሾላ ዛፍ ያሰረ፥ በጉን ይዞ እንዳይመለስ ግን የተከለከለ፥ ያ የአለቃው ድርሻ ነበርና፤ ወደ ወንዛዬ ፍል ውሃ ሊታጠቡ የመጡ እንግዶችም ፎጣቸውን እንደ ካባ ደርበው ተሰለፉ። ወይዘሮ የሺ አልጋቸውን ሰጡ፤ ፍራሹን ከለከሉ። አልጋው ከጀሪካኖቹ ጋር ታስሮ መርከብ እስኪሆን ድረስ ሰማዩ ጠርቶ ውሃው መጉደሉን ግን ማንም ልብ አላለም።

ሌተናንቱም ነጩን ልብስ ለብሰው፥ በአልጋው ላይ ቆመው፥ ገመዱን እየሳቡ ተሻገሩ፤ በጉንም ጫኑ፤ ሲመለሱ ግን ከወንዙ መካከል መርከቡ ጠጠር ላይ ተቀመጠ። በጉ ዘሎ ወረደ፤ እያመነዠከም በእግሩ ተራምዶ ወደ ሌተናንቱ ቤት ሄደ። ሕዝቡ ሳቁን ሊይዝ አፉን በነጠላ አፈነ።

እርሳቸው ግን አልወረዱም። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጠበቁት መርከብ ይህ ነበርና። ወይዘሮ የሺም ቀሚሳቸውን ሰብስበው ውሃው ውስጥ ገቡ።

«አንቱ፥ ጉልበት እንኳ አይሞላም፤ ይውረዱ» አሉ ቀስ ብለው።

«መርከቤን ጥዬ አልወርድም፥ የሺ።»

ባለቤታቸው ፊታቸውን ጥቂት አዩት። ከዚያም አልጋው ላይ ወጥተው ከጎናቸው ተቀመጡ።

«እንግዲያው ወዴት ነው የምንሄደው?»

«ወደ ቤት» አሉ ሌተናንቱ።

አብዱልቃድርና መልካሙ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ገቡ፤ ባለፎጣዎቹም ተከተሉ፤ አባ ሞገድ ግራ ሲሉ ወደ ግራ፥ ቀኝ ሲሉ ወደ ቀኝ እየገፉ ከዳር አደረሱ፤ የሳቀም አልነበረም።

በጥልቅ ባሕር ያዘዙ ብዙዎች ናቸው፤ ጭነቱ ቀድሞት በሄደ መርከብ፥ በጉልበት ውሃ፥ ሚስቱን ከጎኑ አስቀምጦ ወደብ የገባ ግን ከሞዓ ማዕበል ከአባ ሞገድ ይሻው በቀር አልተሰማም። ስማቸው ከጉና ተራራ በላይ ይጠራ፤ አልጋው እስኪደርቅም ሁለቱም በደስታ መሬት ተኙ።