ሁለተኛው ሳጥን

(የፍርድ ቤት መዝገብ ክፍል። መርማሪው የስልክ መጥለፊያ ማዘዣውን ከምሳ በፊት ማኅተም አስመትቶ ካልመለሰ የሚጠብቀው የሥራ ዕድገት ለሌላ ሰው ይሄዳል። ማኅተሙ ደግሞ ያለው መነጽራቸውን ተረጋግተው በሚጠርጉት በእትዬ መዝገብ እጅ ነው።)

መርማሪው፦ ያትሙት አልኩ እኮ። ማንበብን ምን አመጣው?

እትዬ መዝገብ፦ ሳላነብ አትሜ አላውቅማ፣ ልጄ።

መርማሪው፦ ዳኛው ራሳቸው ኮታቸውን እየለበሱ ነው የፈረሙት። የአገር ደህንነት ነዋ። እኔ አመለክታለሁ፣ አለቃዬ ይስማማል፣ ዳኛው ይፈርማሉ፣ እርስዎ ያትማሉ። ሁሉም ሌላው አንብቦታል ብሎ ያምናል።

እትዬ መዝገብ፦ ታዲያ ማን አነበበው?

መርማሪው፦ እሱ ምስጢር ነው።

እትዬ መዝገብ፦ እሺ። ግን ሁለተኛው ሳጥን ላይ፣ «የሚጠለፈው ስልክ» ከሚለው ሥር ያለው ቁጥር...

መርማሪው፦ አይዩት።

እትዬ መዝገብ፦ የማውቀው መሰለኝ።

መርማሪው፦ ካወቁት ይርሱት።

እትዬ መዝገብ፦ ሰውየው ቢሰማ ቅር አይለውም?

መርማሪው፦ መጠለፉን እንዲያውቅ ሕጉ አይፈቅድም። ካላወቀ አይቃወምም። ድንገት ስልክ ማንሳት ካቆመ ደግሞ ነቅቷል ማለት ነው፤ ያኔ እንይዘዋለን።

እትዬ መዝገብ፦ አንጀቴን በላው።

መርማሪው፦ ንጹህ ሰው ምን ይፈራል? ይልቅ ያትሙት።

(ያትማሉ። ቅጂውንም እዚያው ለጠለፋ ክፍል ይልካሉ።)

እትዬ መዝገብ፦ በል፣ መዝገቡ ሲመለስ የምንደውልበት ስልክ ስጠኝ።

መርማሪው፦ (በኩራት ቁጥሩን ይነግራቸዋል) ...መጨረሻው ሰባ ሁለት፣ አሥራ አራት።

እትዬ መዝገብ፦ አዎ፣ እሱው ነው። ሁለተኛው ሳጥን ላይ ያለው።

(መርማሪው ወረቀቱን ይነጥቃል። ዕድሜ ልኩን የሞላው ቅጽ ሁሉ ስልክ ሲል የራሱን ነበር የሚጠይቀው፤ እጁ የለመደውን ጽፏል።)

መርማሪው፦ ምነው ዝም አሉኝ?

እትዬ መዝገብ፦ ይርሱት አልከኝ፣ ረሳሁት።

መርማሪው፦ በሉ ይሰረዝ። እኔው አመለክታለሁ።

እትዬ መዝገብ፦ አንተማ መጠለፍህን አታውቅም። ሕጉ አይፈቅድም።

መርማሪው፦ እትዬ፣ በሞቴ። አማቼ በየቀኑ በዚህ ሰዓት ይደውላል። አለቃዬን ነው የምናማው። ዛሬ ከሰሙን ዕድገቱ ቀርቶ ሥራዬም የለም።

(ስልኩ ይጮኻል። አማቹ ነው። መርማሪው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ እጁን ወደ ኪሱ ይከታል።)

እትዬ መዝገብ፦ ኧረ አንሳው፣ ነቅቷል ይሉሃል። ንጹህ ሰው ምን ይፈራል?