ሰይድ ብሎን ያጠበቀላት መኪና

ስለ መኪና ግዢ ምክር የሚሰጥ ሰው እንደ ቆቦ ሻይ ቤት የበዛበት ቦታ አላውቅም። ከመካሪዎቹ አብዛኞቹ መኪና የላቸውም፤ ምክራቸው የሚጥመውም ለዚህ ይመስለኛል። ከሁሉም የሚያከራክረን፣ ለአገራችን ሠራተኛ የሚበጀው አገር ውስጥ የተገጣጠመ መኪና መግዛት ነው ወይስ የውጭውን የሚለው ነው። እኔ በዚህ ጉዳይ እንደ ሚኒስትር ነበር የምናገረው። ቲማቲምና ሽንኩርት ነጋዴ መሆኔን ረስቼ ኢንዱስትሪ እተነትናለሁ።

ምክንያት አለኝ። የባለቤቴ የዘሃራ ታናሽ ወንድም ሰይድ አዲስ አበባ አጠገብ አንድ የመኪና መገጣጠሚያ ውስጥ ተቀጥሮ ነበር። ስለዚህ ትንሽ የጭነት መኪና ስገዛ ከዚያው ፋብሪካ ገዛሁ። የሚስቴን ወንድም እንጀራ ደገፍኩ፤ ሰው ከዚህ በላይ ለአገሩ ምን ያድርግ?

ጎረቤቴ ጋሽ መኮንን ግን ያረጀ የውጭ ፒክአፕ ነው ያላቸው። መኪናቸው በየሳምንቱ ስለሚበላሽ የቆቦ መካኒክ፣ በያጅና ጎሚስታ ሁሉ ከእሱ እንደሚበሉ፣ የእኔዋ አዲስ መኪና ግን ከተማው ውስጥ ማንንም እንደማታበላ ሻይ ቤት ውስጥ ተናገሩ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ?

ከዚያ ፋብሪካው ቆመ። የውጭ ምንዛሪ ስለጠፋ ዕቃ አልገባም ተባለ። ሰይድ ሻንጣውን ይዞ እኛ ቤት መጣ። ሥራ ፍለጋ ቆቦን ዞረ፤ ገበያው ቀዝቅዞ ጋሽ መኮንን ያሞገሷቸው ጋራዦች ራሳቸው ካርታ እየተጫወቱ ነው የሚውሉት።

አንድ ቀን ከሰይድ ጋር ለጎብዬ ገበያ ቲማቲም ጭነን ስንሄድ፣ ሮቢት ሳንደርስ መኪናዋ ቆመች። ሰይድ ከሥሯ ገብቶ አየና የማርሽ ዕቃ መሰበሩን ነገረኝ። ቆቦም ወልድያም ደወልኩ። ያ ዕቃ ከፋብሪካው ካልሆነ የትም አይገኝም አሉኝ። ፋብሪካው ደግሞ በሩ ተዘግቷል። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ የቲማቲሙ ውኃ ከሣጥኖቹ ሥር መንጠባጠብ ጀምሯል።

ሰይድ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ጋሼ፣ ይቺን የገጠምኳት እኔ ሳልሆን አልቀርም» አለኝ። «ግን ዕቃው ሁሉ ታሽጎ ከውጭ ነው የሚመጣው። እኛ ብሎን ነው የምናጠብቀው።»

«ብሎኑስ?» አልኩት።

«እሱም ከውጭ ነው።»

ጋሽ መኮንን በዚያ ሲያልፉ አገኙንና መኪናዬን በገመድ አስረው ጎተቱልን። ደግ ሰው ናቸው፤ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ቢሆንም ቆቦ እስክንገባ ድረስ ክርክሩን በገመድ እየረቱኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰይድ ዝምታ አበዛ። የእኛ አካባቢ ጎልማሳ ዝም ሲል ወዴት እንደሚያስብ ዘሃራ ታውቃለች፤ በአፋር አድርጎ፣ ባሕሩን ተሻግሮ ወደ ዓረብ አገር። እንዳይሄድ እያለቀሰች ለመነችው። እኔም መኪናዋ ስትጠገን አብረን እንሠራለን አልኩት።

«በምን ትጠገናለች፣ ጋሼ?» አለኝ።

አንድ ጠዋት ስንነሣ ፍራሹን አጣጥፎ ሄዷል። አብረውት ከሄዱት የሮቢት ልጆች የሁለቱ መርዶ መጣ። ጀልባው ሰጥሞ ነው አሉ። ለቅሶ ደረስን። ዘሃራ እዚያ ስታለቅስ ለማን እንደምታለቅስ እኔ ብቻ ነበርኩ የማውቀው። የሰይድ ወሬ ለወራት ጠፋ። እሷ ከሰላት በኋላ ዱዓዋን ታስረዝማለች፤ እኔ ግቢ ወጥቼ የቆመችውን መኪና አያለሁ።

በቀደም ደወለ። አልሐምዱሊላህ፣ በሕይወት አለ። ዘሃራ አልቅሳ ሲወጣላት ስልኩን ሰጠችኝ። ዓረብ አገር ወደብ አጠገብ መኪና እንደሚያጥብ ነገረኝ። በጅቡቲ በኩል ወደ እኛ አገር የሚላኩ መኪኖች ናቸው። ወረቀት የለውም፤ ፖሊስ ሲመጣ መኪኖቹ መሀል ይደበቃል። ግን ከእኛ አገር ገዢ እስካልጠፋ ድረስ ሥራው አይጠፋም አለኝ።

ትናንት ሻይ ቤት አንድ መኪና ሊገዛ ያሰበ ነጋዴ፣ ሠራተኛችንን የሚጠቅመው የትኛው እንደሆነ ጠየቀኝ።

የውጭውን ግዛ አልኩት፤ ሠራተኛችን ያለው እዚያ ነው።