«አደረገ» በዌልሽኛ

ልጅ ማስተማር ደግ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። አብዛኞቹ ያላስተማሩ ናቸው። እኔ አስተማርኩ። ልጄ ሃያት ሴንት ፖል ኮሌጅ ገብታ ቋንቋ ላጠና ነው አለችኝ። አልሐምዱሊላህ አልኩ። አማርኛ ልትማርልኝ ነዋ! ሞኝ አይሙት፣ እንዲያጫውት። የመረጠችው ዌልሽኛ ነው።

ዌልሽኛ ደግሞ ምንድን ነው አትሉኝም? እኔም አላውቅም ነበር። ከእንግሊዝ ጎን ዌልስ የምትባል አገር አለች፤ የዚያ ሰዎች ቋንቋ ነው። እንግሊዝኛ ሊውጠው ሲል ለጥቂት ያመለጠ ነው፣ እንዳይሞት መማር አለብን ትላለች። ይህን ሁሉ የምታስረዳኝ በእንግሊዝኛ ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ኩን ራፒድስ የምትባል ከተማ፣ ቤታችን ውስጥ፣ ስንት ዓመት ሲያጣጥር የኖረ አማርኛ አለ። እሱን ያስታመመ የለም። ተናደድኩ፣ ምን እደብቃችኋለሁ።

መጋዘን አብሮኝ ለሚሠራው ለገመዳ ነገርኩት። እሱ ቤቱ ኦሮምኛ ነው የሚያወራው። አንተስ ምን አለብህ አለኝ፤ ያንተዋ የናቀችው አንድ ቋንቋ ነው፣ የኔዎቹ ሁለቱንም ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ የእናቴ ነገር ነው። ደሴ ናት። ዓይኗም ጉልበቷም ደክሟል። ሳልሞት ከልጅ ልጄ ጋር ያለ አስተርጓሚ አንዴ ላውራ ትላለች። አስተርጓሚው እኔ ነኝ። እናቴ መመረቅ ከጀመረች ማቆሚያ የላትም። ምርቃቱ በእኔ በኩል አልፎ ሃያት ጋ ሲደርስ «ሃይ ብላሻለች» ይሆናል።

አንድ ቀን እራት ላይ ሃያት ስለ አንድ ግሥ ታስረዳኝ ጀመር። ጉኔይድ ይባላል፣ ማድረግ ማለት ነው። ዌልሾች ሲያወሩ ሌላውን ግሥ እንዳለ ያስቀምጡትና ይቺን ብቻ ያረባሉ አለች። ኔስ ኢ ፎኒዮ፣ መደወል አደረግሁ። ኔስ ኢ ባርኪዮ፣ መኪና ማቆም አደረግሁ። የጥንት ሥሩ ሥራ ማለት ነው፤ ከእንግሊዝኛው ወርክ ጋር የአንድ አያት ልጆች ናቸው አለች። ሥራ ከተባለማ የእኔም ዘመድ ነው። ፕሊማውዝ ካለው መጋዘናችን ደብል ሺፍት ሠርቼ መግባቴ ነበር። ሰነፎች ናቸው እንዴ፣ ሁሉን ነገር በአንድ ግሥ? አልኳት።

ሳቀች። አንተስ? አለችኝ። ፓርክ አደረግሁ፣ ድራይቭ አደረግሁ፣ ኦቨርታይሜን ካንስል አደረጉብኝ እያለ የሚውለው ማን ነው? በዚህ ዓይነትማ እኔም አማርኛ እችላለሁ አለች።

በማግስቱ እናቴ ጋ ስንደውል ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ። አያቴ፣ በጣም ሚስ አደረግሁሽ አለቻት። ስኩል ፊኒሽ አደርጋለሁ፣ ከዚያ ቪዚት አደርግሻለሁ። እኔ አጠገቧ ቆሜ አፈርኩ፤ ደስም አለኝ፤ እንባዬም መጣ። እናቴ እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት። እሺ የኔ እናት፣ እሺ፣ አላህ ያሳድግሽ አለች።

ስልኩን ተቀብዬ ይቅርታ ጠየቅኩ። አማርኛዋ ገና ነው፣ መቼም አንዱም አልገባሽ አልኳት።

«አብሽር» አለችኝ እናቴ። «ምንም አትል፣ አነጋገሯ ቁርጥ ያንተ ነው። ያንተም እኮ አሜሪካ ከገባህ ወዲህ አይገባኝም። ቅር እንዳይልህ ብዬ ነው እሺ የምልህ።»