«ደህና ነኝ» የማያሳምናቸው ጋሽ ውቤ

በየመሥሪያ ቤቱ «ደህና ነኝ» ሲሉት በጄ የማይል አንድ ሰው አይጠፋም። እስራኤል አገር ላለችው ለረሆቮት ከተማ የተመደቡላት ክቡር ጋሽ ውቤ ናቸው፤ ማያ ደግሞ ዕድሏ ሆኖ ጠረጴዛዋ ከእሳቸው ጎን ነው።

ሻዩ ቀዝቅዟል ቢባሉ ጣት ነክረው ያረጋግጣሉ። ሄርዝል ጎዳና ላይ የፌርማታው ሰሌዳ «አውቶቡስ በሁለት ደቂቃ» እያለ፣ ክቡርነታቸው አስፋልቱ መሐል ገብተው አንገታቸውን ያሰግጋሉ። ጠዋት ማያ «ደህና ነኝ» ስትላቸው፣ «እሱን ተይው፤ ቁርስ በልተሻል?» ይሏታል። አልበላችም። የሚያናድዳትም ይኸው ነው።

አንድ ማክሰኞ ግን ነገሩ ከቁርስ ከፍ አለ። ሁለቱ የሚጠብቁት የክሊኒኮች የቀጠሮ መዝገብ ዋናው ሰርቨር በሚሉት ኮምፒውተር ላይ ይጻፋል፤ ቅጂው የሚሉት ሁለተኛው ሰርቨር እየተከተለ ይገለብጣል። እኩለ ቀን ላይ አሮጌው ዋና ተነቅሎ ቅጂው ሊተካው ነው። ቅጂው ወደ ኋላ ቀርቶ ከሆነ የጠዋቱ ቀጠሮ ሁሉ አብሮ ይነቀላል፤ በሽተኛው ደክሞ መጥቶ «ስምዎ የለም» ይባላል። ስክሪኑ ግን የቅጂው መዘግየት ዜሮ ሰከንድ ነው ይላል።

«ሀኮል ቤሰደር፣ ያላ!» አለች አለቃቸው ጋሊት፤ በዕብራይስጥ «ሁሉም ደህና ነው፣ እንቀጥል» ማለቷ ነው።

ጋሽ ውቤ ወደ ማያ ዞሩ። «ዜሮ ያለን ማን ነው?»

«ራሱ ቅጂው ነዋ።»

«እናቴም እግሯ ተሰብሮ በስልክ ‹ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን› ብላኛለች። ሄጄ ነው ያየሁት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ ልጄ።»

ዋናው ላይ በእናታቸው በወይዘሮ እማዋይሽ ስም የሙከራ ቀጠሮ ጻፉ። ቅጂው ላይ ቢፈልጉ የለም። አምስት ደቂቃ ጠበቁ፤ አሁንም የለም። ስክሪኑ ዜሮውን አልለቀቀም።

በኋላ ጉዱ ወጣ። በሁለቱ ሰርቨሮች መካከል ያለው መስመር ከጠዋት ጀምሮ ድምፁን አጥፍቶ ተቋርጧል። ቅጂው በእጁ የደረሰውን ጽፎ ስለጨረሰ ሥራ የለኝም ብሎ ቁጭ ብሏል፤ ያልደረሰውን በምን ይወቅ? ማያ መስመሩን ዘግታ ከፈተችው። ቀጠሮዎቹ ጎረፉ፤ ወይዘሮ እማዋይሽም ከነቀጠሯቸው ብቅ አሉ።

ከዚያ ወዲያ ዋናው በየሰከንዱ ሰዓቱን እንዲጽፍ፣ ቅጂው ጋ የደረሰው ሰዓትም ከግድግዳው ሰዓት ጋር እንዲመሳከር ተደረገ። «ስንት ዘገየህ አትበይው። መጨረሻ የሰማኸው መቼ ነው በይው» አሉ ጋሽ ውቤ። እኩለ ቀን ላይ ሰርቨሩ ተቀየረ፤ አንድ ቀጠሮ አልጠፋም።

በሳምንቱ ጋሽ ውቤ ከሥራ ቀሩ። ማያ ደወለችላቸው።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ ጎርነን ባለ ድምፅ።

ስልኩን ዘግታ ቦርሳዋን አነሳች። ሰሌዳው «ሁለት ደቂቃ» እያለ፣ እሷ አስፋልቱ መሐል ገብታ አንገቷን አሰገገች። ለካ እኚህን ነዝናዛ ሰው ትወዳቸዋለች።

ሰፈራቸው ክፋር ማርሞሬክ ደርሳ በራቸውን ብታንኳኳ፣ ብርድ ልብስ ተከናንበው፣ በትኩሳት ቀልተው ከፈቱላት።

«ደህና ነኝ አላልኩሽም?»

«እሱን ይተዉት። መጨረሻ የበሉት መቼ ነው?»

ጋሽ ውቤ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ቀና ብለው አዩ።