ጋሽ ተሾመን ጉንፋን አይዛቸውም

እናንተ ሰፈር ጉንፋን ይዞት የማያውቅ ሰው አለ? እኛ ሀና ማርያም ጋሽ ተሾመ የሚባሉ ጎረቤት አሉን። አፍንጫቸው እየፈሰሰ፣ ጉሮሯቸው ተዘግቶ እንኳ «አለርጂ ነው» ይላሉ። አለርጂ ደግሞ አይተላለፍም፤ ስለዚህ ያገኙትን ሁሉ ይስማሉ። ምን ይደረግ፣ ሰው ወዳድ ናቸው።

የእህቴ ሠርግ ጥቂት ቀን ሲቀረው እጮኛዋ ቤታችን መጣ። ጋሽ ተሾመ እያስነጠሱ አቅፈው አገላብጠው ሳሙት።

«አይዞህ ልጄ፣ አለርጂ ነው» አሉት።

በሠርጉ ቀን ሙሽራው ድምፁ ጭራሽ ጠፍቶ ቸርች ደረሰ። ፓስተሩ «ሄለንን ሚስትህ አድርገህ ትቀበላታለህ?» ብለው ማይኩን አስጠጉለት። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ የተሰማ ነገር ግን የለም። ፓስተሩ ጥያቄውን ደገሙ። የእናቴ ፊት ጠቆረ፤ ከኋላችን አንዷ «ሐሳቡን ቀየረ እንዴ?» ብላ አንሾካሾከች። ሙሽራው በላብ ተጠምቆ፣ አዎ ለማለት ራሱን ደጋግሞ ነቀነቀ።

«በቃል መሆን አለበት፤ ምስክሮች ይስሙ» አሉ ፓስተሩ።

እህቴ ጆሮዋን ወደ ከንፈሩ አስጠጋች። ከዚያ ቀና ብላ ማይኩን ተቀበለች።

«የሚናገረው ለእኔ አይደል? እኔ ሰምቼዋለሁ» አለች።

ፓስተሩ ፈገግ ብለው ወደ ቀለበቱ አለፉ።