ከየት ወዴት?

እንደ ሰዒድ ያለ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ሐይቅ ከተማ የኔትወርክ ባለሙያ ነው። ስዊች የሚባለው ሳጥን ፓኬት የሚሉትን እያንዳንዱን የዳታ እሽግ ሳይከፍት፣ ከፊቱ የተጻፈውን መነሻና መድረሻ ብቻ እያየ በየወረፋው እንዲመድብ ያደርጋል። ምን ዋጋ አለው፣ ሰውንም እንደዚያው ማየት ለመደ!

አንድ አመሻሽ እሱ፣ እጮኛውና ጓደኛው እኔ ሐይቁ ዳር ተቀምጠናል፤ ውሃው እንደ ሕልም ጸጥ ብሏል። እጮኛው ዘምዘም፣ «ልሄድ ነው» አለችው።

«ከየት ወዴት?»

«ከዚህ ጅዳ።»

«በየት በኩል?»

«ምነው፣ ‹ለምን?› አትለኝም?»

ሰዒድ ደነገጠ። ወደ እሷ ዞረና፣ «ለምን?» አላት በቀስታ።

«አትሂጂ የሚለኝ አጥቼ።»

«አትሂጂ!» ብሎ ሲጮህ፣ ወላሂ፣ የአምባሰል ተራራ የሰማ መሰለኝ።

ዘምዘም ጫማዋን አውልቃ እግሯን ውሃው ውስጥ ነከረች። የሚሄድ ሰው እንዲህ አይቀመጥም።