ለሠለጠነ ሰው የሚሆን ምርቃት

እርዳታ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ስንዴ ነው፤ ይበላል፣ ያልቃል። ሁለተኛው ሥልጠና ነው፤ እሱ አያልቅም። መንግሥታት ይህን ካወቁ ወዲህ ስንዴውን ቀነስ፣ ሥልጠናውን ጨመር አድርገዋል። እኔ አልቃወምም፤ «የተማረ ይግደለኝ» ሲባል ሰምቼ ያደግሁ ሰው ነኝ፣ ደግሞስ እንጀራዬ ከዚያው አይደል? እዚህ እስራኤል፣ ሃይፋ ከተማ፣ ካርሜል ተራራ ላይ፣ ከየአገሩ የሚመጡ የመንግሥት ሠራተኞች የሚሠለጥኑበት ቤት አለ፤ በሩን የምጠብቀው እኔ ነኝ።

አምና አንዱ ሠልጣኝ በሩ ላይ ቆሞ በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። እንደኔው ጎንደሬ! ስማቸው ይባላል፤ ጭራሽ የወረዳችን የውኃ ባለሙያ ሆኖ አረፈ። እንባዬ መጣ፣ አልዋሻችሁም። አክስቴ ውድነሽ እዚያው አገር ቤት ቀርታለች፤ የመንደሩ ፓምፕ ከተበላሸ ወዲህ በዚያ ወገቧ ቁልቁለቱን ወርዳ ከወንዝ ትቀዳለች። ስማቸው የመጣው ደግሞ የፓምፕ ጥገና ሊማር ነው። እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው አልኩ።

ሥልጠናውን ሲጨርስ ኔቬ ዮሴፍ ከሚባለው ሰፈራችን፣ ቤቴ ጋበዝኩት። እንግዳ ሳይመረቅ አይሸኝምና የሰፈራችን ሽማግሌ አባ ተገኘ ተነሡ። «ልጄ፣ እግዚአብሔር ከፍ ከፍ ያድርግህ! ከወንበር ወንበር ያሸጋግርህ!» አሜን አልን። እኔማ ከሁሉም አስበልጬ ጮኽሁ።

ምርቃቱ ደረሰ። ሰውዬው አገሩ ሲገባ «ውጭ አገር የሠለጠነ ሰው ወረዳ ላይ ምን ይሠራል?» ተባለና ወደ ክልል ተሾመ። አሁን ስለ ፓምፕ ጥገና ሥልጠና ይሰጣል፤ በአዳራሽ። ፓምፑ እንደቆመ ነው። አክስቴን ደውዬ ስጠይቃት «ጎበዝ ልጅ ነበር» አለችኝ፣ ስለ ሟች እንደሚወራ።

ዘንድሮ ወረዳው ምትኩን ላከ። ደረጀ ይባላል፤ ያው ወረዳ፣ ያው ፓምፕ። እሱንም ጋበዝኩት፤ አክስቴም በስልኩ ምስል እንድታየው አደረግሁ። ከምግብ በኋላ አባ ተገኘ ተነሡ። ያምናው ምርቃታቸው ምን እንዳመጣ ገብቷቸዋል።

«ልጄ ደረጀ፣» አሉ፣ «እግዚአብሔር ባለህበት ያቁምህ። ሹመት አያግኝህ። ከዚያች ወረዳ ንቅንቅ አያድርግህ።»

የደረጀ ፊት አመድ መሰለ። ከቤት ሙሉ ሰው አሜን የሚል ጠፋ። ምን ላድርግ? እንግዳዬ እኔው ቤት፣ እንጀራዬን በልቶ ሲረገም እንዴት አሜን ልበል?

«አሜን!» አለች አክስቴ ከስልኩ ውስጥ፣ ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ።